ለጥቅምት የተቀጠረ ጠብ

ሂዩስተን፤ ነሐሴ፤ ገና ሳይነጋ
አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተዘረጋ።
የመኪናዬን መስታወት ከውጭ በኩል አልቦታል፣
መጥረጊያው ይጠርገዋል፣ መልሶ ያልበዋል።
የኤሲ ጠጋኝ ነኝ፤ እንጀራዬ ነው ሙቀት፣
ሰው ሲንገበገብ ስልኬ ይጮሃል፣ ከንጋት እስከ ሌሊት።
ኮርኒስ ውስጥ፣ ጣራ ሥር፣ በሆዴ እየተሳብኩ
የሰው ቤት ንፋስ ስፈታ፣ ስጠግን ከረምኩ፤
ብሎን በላብ ሟልጮ ከጣቴ እያመለጠ፣
የጣራው ሚስማር ጫፍ ቆቤን እየቧጠጠ።

ያኔ ነው የራሴው ቤት ማሽን ያቃሰተው፣
ሁለቴ አጓርቶ፣ ጭጭ ብሎ የሞተው።
ዕቃው ማክሰኞ ይደርሳል አሉኝ፤ ቀኑ ሐሙስ ነው።
"ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" አለች አልጋነሽ፣
ሳትስቅ።

ተኳርፈናል እኮ። ለወንድሜ የላክሁት
አራት ሺህ ዶላር፣ ሳላማክራት ያበደርኩት፣
በሁለታችን መሃል ተጋድሟል፤ እሱም ያልበዋል።
ወበቅ ነገር ያፈላል፤
አንዲት ቃል ከአፍ ከወጣች አትደርቅም፣
ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታድራለች እንጂ አትወድቅም።

ዓርብ፣ የመጨረሻው ጥሪ፣ ሚስ ኧርሊን ቤት፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ በረንዳዋ የእንጨት።
ካፓሲተር ነበር፤ በሩብ ሰዓት ቀየርኩት።
"ፊትህ ምነው እንደ ቅቅል ድንች?" ስትለኝ፣ የቤቴን ጉድ ነገርኳት።

"እኔ ልጅ ሆኜ" አለች "ማን ኤሲ ያውቅ ነበር?
ውሃ ሳይጠማህ ጠጣ፤ ጥም እስኪነግርህ አትደር።
በረዶውን ደረትህ ላይ አታባክነው፣
የእጅህ አንጓ ላይ፣ ጆሮ ግንድህ ሥር ነው ቦታው።
ድስት ጎህ ሳይቀድ ይውረድ፤ ከዚያ ምድጃ አትንካ።
እርጥብ አንሶላ ስቀል የሚልህን አትስማ፤ አየሩ ራሱ የረጠበ ነው፣ ለካ!"

እኔ መተሐራ ያደግኩት፣
እርጥብ ሸሚዝ ለብሰህ ቁልፉን ሳትጨርስ የሚደርቅበት፣
አርባ ዲግሪን "ሞቅ ብሏል" ብቻ የምንልበት፣
ሙቀት አውቃለሁ ብዬ ስኩራራ የኖርኩት፣
ጸጥ ብዬ ሰማኋት።

"ከሁሉ በላይ ግን፣ በነሐሴ ጠብ ክልክል ነው።
ነፍሱን ይማርና ከሆራስ ጋር ስንኖር፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት ነው፣
ነገር ሲነሳ ካሌንደሩን ገልጠን፣ ኦክቶበር ላይ ነው የምንጽፈው።"
ሂሳቧን ከፈለች። ሁለት ኮክ ጨመረችልኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ።

ማታ ለአልጋነሽ አወራኋት፣ ኮኩን እየላጥኩ።
መልስ ስጠብቅ ቆየሁ፤ አልመለሰችም፤ ተውኩ።
ኋላ ተነሳች፤ ፍሪጁ ላይ ካለው ካሌንደር
ጥቅምትን ፈልጋ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ደፍጠጥ አድርጋ በፊደል፣
"አራት ሺህ" ብላ ጻፈች። አከበበችው።

የወጥ ቤቱ ሸክላ ወለል ላይ ነው ያደርነው።
ኤልዳና መሃል፣ ክንዷን እንደ ኮከብ ዘርግታ፤
ከመተኛታችን በፊት ሳፋ ሞላን፣ ለእግር፣
ስድስት ጠጠር በረዶ፤ ሁለቱ ሟሙ ወዲያው።
እግሯ ውሃው ውስጥ እግሬን ነካው።
አላሸሸችውም።
ውጭ ዝናቡ እመጣለሁ እመጣለሁ ይላል፤ መብረቁ
እንደ ደካማ አምፖል ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ከሩቁ።

ማክሰኞ ዕቃው መጣ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ።
ቀጠሮው ግን እንደተያዘ ነው፤ ማንም አልሰረዘ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከሰሜን ንፋስ ገባ፣
ካየነው ከርመን ሰማይ፣ ንጹሕ፣ እንደ ታጠበ ጣባ።
መስኮት ከፈትን፤ ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያው።
ጥቅምት አንድ አጥንት ይላል የአገሬ ሰው፣
እኔም አጥንት ልገዛ ተነስቼ ነበር፤ ቁልፍ አንስቼ፣
ብርዱን አመስግኜ፣ ቀዩን ጽሑፍ ረስቼ።

አልጋነሽ ሹራቧን ለበሰች፤
ብርጭቆዋን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች፤
ወንበር ሳበችልኝ።
"እሺ" አለች፣ "አሁን ቀጥል።"