ገመድ አልባ

«ገመድ አልባ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰው፣
ማማ ላይ አልወጣም፤ ብረቱን አልዳሰሰው።
ከስዊፍት ከረንት በታች፣ ከአራት ቁጥር መንገድ ዳር፣
ጥር ገና ሳይጋመስ፣ በረዶው ሲከመር፣
ሎሬታ ቡቪዬ፣ ወገቧን በገመድ፣ ጭኗን በገመድ ጠፍራ፣
ሰባ ሜትር ትወጣለች፣ እርከኑን ቆጥራ ቆጥራ።

ሁለት መንጠቆ አላት፤
አንደኛው ሲጨብጥ ነው ሌላኛው የሚፈታላት።
በመጀመሪያው ቀን ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው፦
«ሳትይዝ አትልቀቅ። የቀረው ትርፍ ነገር ነው።»

እኔ ከታች ነኝ፤ ከፒክአፑ ውስጥ፣ ላፕቶፕ በጉልበቴ፣
በጓንት ተጀቡኖ አልታዘዝ ብሏል ጣቴ።
ሜዳው ባዶ ይመስላል፤ አየሩ ግን ተሸንሽኗል፣
እንደ ማር እንጀራ ክፍል በክፍል ተሰክቷል።
የዚህኛው ሞገድ ለጎረቤቱ አይሰጥም፤
ራቅ ላለው ይደገማል፣ ማንም አይቀየምም፤
ሁለት ሞክሼ በሁለት ቀዬ ሲጠሩ አይደናገሩም።

ስልክም በኪስ ተኝቶ ዝም ያለ ይመስላል፤
አልፎ አልፎ ያንሾካሹካል፣ «አለሁ፣ እዚህ ነኝ» ይላል፤
ፈላጊ የመጣ እንደሆን ማማው በስሙ ይጣራል፣
እሱም ከኪስ ጨለማ ውስጥ «አቤት!» ብሎ ይነቃል።

ሲርቅ ግን ይሟሟል፣ ውሃ እንደነካው ጨው፤
ሦስት በቀነስን ቁጥር ግማሹን ነው ያጣነው።
ደግሞ የእህል ጎተራው ቆርቆሮ አለ፣
ያንኑ ቃል አንጥሮ፣ አዘግይቶ የሚልክ፤
ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ፣
አንድ ነገር አይተው እንደሚካካዱ ምስክሮች።

በረዶ የሰነጠቀው አንቴና ይወርዳል፣ አዲሱ ይሰቀላል፤
መጀመሪያ ግን ማማው ዝም ይበል።
ዝም ማሰኘት ሁለት ዓይነት ነው።
አንዱ ቁርጥ ነው፦ ተጫን፣ ያለው እንዳለ ይውደቅ።
ሌላው ይሉኝታ አለው፦
አዲስ እንግዳ አይገባም፣
የገባው ግን ጨዋታውን ይጨርስ።

ሁለተኛውን መረጥን።
አሥራ ሁለት ጥሪ ነበር። ዘጠኝ። አራት።
አንድ።
አንድ ላይ ቆመ።

«ሎሬታ፣ አንድ ቀርቷል» አልኳት በሬዲዮ።
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። ነፋስም አለ።
«ማነው?»
እኔ ምን አውቄ። የሚታየኝ ቁጥር ነው፤
ሲቀነስ ዘጠና አራት፣ ሲቀነስ ዘጠና ሰባት፣
መኪና ውስጥ ያለ ሰው፣ ከእኛ እየራቀ።
ሊያስታርቅ ይሁን ሊያጣላ፣
ወይ ስለ ጎማ ዋጋ ይነታረክ፣
ቃሉ ተቆልፏል። እንኳንም ተቆለፈ።

«ልቁረጠው?»
ከላይ የብረት ሲቃ ብቻ ተሰማ።
ኋላ፣ ከንፈሯ በብርድ ደርቆ፣
«እኔ ተይዣለሁ» አለች። «እሱስ ተይዟል?»

ሰባት ደቂቃ። ዘጠኝ።
አሥራ አንደኛው ላይ፣ ሲቀነስ መቶ ስምንት፣
ከሰሜኑ ማማ ቀጭን መስመር ብቅ አለ፤
ከሳ፣ ደግሞ ጠና፣ ከእኛው እኩል ሆነ፣ በለጠ።
ገጼ ላይ፦ ዜሮ።

ስትወርድ ቅንድቧ ነጭ ነበር።
«ወደቀ?» አለችኝ።
«ተሻገረ።»
ፔርሙሱን ተቀበለችኝ፣ ክዳኑን በጥርሷ ከፈተች፣
«አላልኩህም?» ብላ ሳቀች።

ያልነገርኳት አለ።
የድሮው ኔትወርክ እንደ እሷ መንጠቆ ነበር፣
አዲሱን ማማ ሳይጨብጥ አሮጌውን አይለቅም።
የዛሬው ግን መጀመሪያ ይለቃል።
ይለቅና ይይዛል፤
ዐይን ከሚርገበገብበት ባነሰች ቅጽበት
ያ ጥሪ የማንም አይደለም፣
ወደኋላም ወደፊትም የሚይዘው የለም፣
ሰውየው መሪውን ጨብጦ ወሬውን ይቀጥላል።
ያቺን ቅጽበት ብቻ ነው ስሙ ልኩ የሚሆነው።

ሻይዋን ጠጣች። ገመዷን ጠቀለለች።
እኔም ዝም አልኩ።