የጡሩምባው ደንብ

በእኛ ሰፈር ጡሩምባ ሲነፋ «ምንድን ነው?» አይባልም፤
«ማን ነው?» ነው። ነጠላ ዘቅዝቆ መውጣት ነው፤
የቀረ ስሙ ይጻፋል፣ ቅጣት አያልፈውም።

ካቻምና ግንፍሌ በሌሊት ገነፈለ፤
ስሙን ያወጡት ሰዎች ነግረውን ነበር፣ ማን ሰምቶ ልብ አለ?
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ከዝናቡ በላይ የውሻ ጩኸት፣
ጎርፉ የሽታዬን ወጥ ቤት ነቅሎ ሲሄድ ጡሩምባ ማን ነፋላት?
እኛማ ደረስን፤ ጠዋት፣ ከነአካፋው፣ ከነድንኳኑ፣
እንደ ደንባችን፣ ካለፈ በኋላ ቀኑ።

በወሩ የእድር ስብሰባ ጋሽ ድንበሩ ተነሳ፤
አሰብ ወደብ ላይ መርከብ በገመድ ያሰረ፣ የባሕሩን ጠባይ ያልረሳ።
«ባሕር ጨዋ ነው» አለ። «ሲሞላም ሰዓት አለው፣ ሲጎድልም፤
ምሰሶ ላይ ቀለም ቀብተን እናየው ነበር። ይሄ ወንዝ ሰዓት አያውቅም፤
ሰዓቱ እኛ እንሁን።»

ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ የሺመቤት መዝገቧን ዘጋች፤
«ይሄ የሬሳ ብር ነው፤ የሣጥን ነው፣ የንፍሮ ነው» አለች።
ዝም ተባለ።
ከኋላ ወንበር ሽታዬ፦ «እኔን ለመቅበር ስንት አስባችኋል?
ግማሹን አሁን ስጡኝ፤ ሌላው ይቆያል።»

መተዳደሪያው እዚያው ተሻሻለ። ሳቁ ቃለ ጉባኤ ላይ አልገባም።
መቃብር ቆፋሪዎቻችን ቦይ ቆፈሩ፤ በሰው ቁመት፣
እጃቸው ሌላ ልክ አያውቅም።
የስኳር ጆንያ አሸዋ ጠጣ። ድንጋዩ፣ ከላይ ከአራት ኪሎ ፍርስራሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤
የማን ግድግዳ እንደነበር ያወቀ አወቀው፤ ዝም ብሎ አሳለፈ።
ድልድዩ እግር ላይ ሦስት መስመር፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ።
ቀዩን ልጆች ነበሩ የቀቡት፤ ተንጠባጥቧል።

ዘንድሮ፣ በሐምሌ ገብርኤል ሌሊት፣ ቢጫው ሰመጠ።
ጡሩምባው ጮኸ። ሰፈሩ ደነገጠ፤
«ማን ነው? ማን ነው?» አንዷማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጥታለች።
ነፊው ዘርጋው፣ ትንፋሽ አጥሮት፦ «ማንም! ገና ማንም! ፍጠኑ!»
ልጅ በጀርባ፣ ዶሮ በዘንቢል፣ ከነአንሶላው ቴሌቪዥኑ፣
አቀበት፣ አቀበት፣ በባትሪ ብርሃን።

የሽታዬ ወጥ ቤት ዳግመኛ ሄደ።
ከጆንያውም ግማሹ ተቀደደ።

ሲነጋ፣ ሬሳ የሌለበት ድንኳን ተተከለ፤
ንፍሮም ተቀቀለ።
ጸሐፊው እንደ ደንቡ መዝገብ ገልጦ ስም ጠራ፤
ጭቃ ያልታጠበ ድምፅ ሁሉ «አለሁ» አለ በተራ።
ከታች፣ ቅጣት በሚጻፍበት መስመር ላይ፣ ሁለት ቃል፦
ቀሪ የለም።