ዝም ያለ ቧንቧ

ሃያ ስድስት ዓመት ቧንቧ ነው እንጀራዬ፣
መፍቻ ነው ብዕሬ፣ ጉድጓድ ነው ቢሮዬ።
ከአንገረብ ግድብ እስከ ሳሙና በር
ሳልቆፍር አውቃለሁ የቱ እንደሚሰበር።

የሚያፏጭ ቧንቧ ደግ ነው፣ አስቀድሞ ያስታውቃል፤
የሚያንጠባጥበውም ጣጣው በአንድ ጎማ ያልቃል።
እኔ የምፈራው
ድምፁ የማይሰማውን፣
አስፋልት ሥር ተኝቶ ዝም ብሎ የሚወጠረውን።

በሰኔ መባቻ፣ ማራኪ ጤና ጣቢያ
ጠሩኝ፤ ፈሶ ነበር የእጅ መታጠቢያ።
ጎማውን ቀይሬ፣ እጄን በጨርቅ ስጠርግ
«እስኪ ተቀመጥ» አለችኝ ሲስተር ትርንጎ፤ ምን ልታደርግ?
ክንዴን አሰረች፤ ነፋች፣ ነፋች፣ ለቀቀች፤
ዳግም ነፋች፤ መርፌው ላይ ዓይኗን ተክላ ጠበቀች።

«መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር።»
ሳቅሁ።
እንዲህ ያለ ቁጥር የማውቀው ከፓምፑ ሥር!
«ራሴን አያመኝ፣ ዳገት እወጣለሁ፣
ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ ዛሬም እሸከማለሁ!»
«እሱን ነው የፈራሁት» አለች፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፤
«ዝም ያለው ነው የሚፈነዳው፣ አንተ አይደለህ የምትል?»

ነጭ ኪኒን ሰጠችኝ፣ ከአተር ክክ የማትበልጥ፣
ዕድሜ ልክ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አንዳንድ የምትዋጥ።
ወር ዋጥኳት። በሁለተኛው፣ ቁጥሩ ወረደ ሲሉኝ
ተውኳት፤ ዳንክ ያሉኝ መሰለኝ።
ያወረደችው እሷ መሆኗን ልብ ማን አለ?
መስመሩ ልክ ሆነ ብሎ የግፊት መቀነሻውን እንደ ነቀለ
ጀማሪ ሠራተኛ፣
እኔ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሙያተኛ።

ከዚያ ውበቱ ወደቀ።
ቸቸላ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ መፍቻውን እንደ ጨበጠ፤
ስናወጣው ግማሽ ፊቱ እንደ ሰም ወርዷል፣ ቃሉ ተቆራረጠ።
«ው... ው...» አለ። ውሃ ይሁን ውበቱ
አላወቅንም እስከ ዛሬ፤ አልታዘዘው አንደበቱ።
ኪሱ ውስጥ የመድኃኒት ማዘዣ ተገኘ፣ ዓመት ከመንፈቅ ያለው፣
አራት ቦታ የታጠፈ፣ ፋርማሲ ያላየው።

በማግስቱ ትርንጎ ዘንድ ሄድኩ፣ ማንም ሳይጠራኝ፤
አልተቆጣችም፤ ክንዴን ብቻ አሰረች፤ ዝምታዋ ነው ያስፈራኝ።

አሁን ቤቴ የጨው ዕቃው ከፍ ብሏል፣ ቁም ሳጥን ላይ፤
በነጭ ሽንኩርት ትክሰዋለች እናኑ፤ አንዳንዴ ቆንጥሬ እጨምራለሁ ሳታይ።
ስትቀምሰው ታውቃለች። አትናገርም፤
በማግስቱ ግን ዕቃውን ብፈልግም አላገኘሁም።

የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፦ «አባ ዲበኩሉ፣ ልጠመቅ ወይስ ኪኒን ልዋጥ?»
«ኪኒኗን በፀበሉ ዋጣት፤ ማን አለህ ምረጥ?»

ጥር ሲቃረብ፣ ቀሃ ተጠልፎ የፋሲልን ገንዳ ሲሞላ
ማንም አያጣድፈው፤ በዝግታ ነው፣ አንድም ድንጋይ ሳይላላ።
አጥሩ ጥግ ቆሜ፣ የእጄን ጅማት በጣቴ እዳብሳለሁ፤
ሰው ውሃውን ሲያይ፣ እኔ ቧንቧዬን አዳምጣለሁ።

ዛሬ መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት ነኝ፤
«ደህና ነው፤ ግን ገና ነው» ብላ ካርዴን መለሰችልኝ።

ውበቱን አርብ አርብ እጠይቀዋለሁ፤
በግራ እጁ ጨብጦ አይለቀኝም።
ኪኒኔን ከኪሴ አውጥቼ አሳየዋለሁ፤
ይስቃል መሰለኝ፣ በግማሽ ፊቱ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ነገ የቀበሌ አሥራ ስምንት ፈረቃ ነው።
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት
መጀመሪያ ኪኒኗን፣ ከዚያ የመስመሩን ቁልፍ፤
ሩብ ዙር፣
ቆም፣
ሩብ ዙር፤
ውሃው አየሩን እየገፋ ሲመጣ
ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስጠግቼ።