ተቀጥሯል

ደብዳቤዬ ዞሮ ሦስት ማኅተም ለብሶ፣
ከዞኑ ወደ ባህል፣ ከባህል ተመልሶ፣
በአራተኛው ቀን «ትስተናገድ» ተባልኩ፤
ከፒያሳ በታች፣ ጣልያን የሠራውን ደረጃ ወረድኩ።

ጎብኚው ከግንቡ ሥር ፎቶ ይነሣል፤
እኔን የጠራኝ ግን ወረቀት ይሸታል፦
የረጠበ ካርቶን፣ የደረቀ ሙጫ፣ አይጥ ያደረበት ጥግ።

አቶ ቢተው ጥሩነህ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣
ዐይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አይስትም።
ካታሎግ የላቸው፣ ኮምፒዩተር የላቸው፤
የመደርደሪያው ካርታ ከጭንቅላታቸው።

«ፍለጋሽ ምንድን ነው?»
«የደምቢያ ግብር፤ የገብስ አሥራት፣
ከሠላሳ አራት እስከ አርባ ሁለት።»
«የግብሩ ክፍል ተቆልፏል። ቁልፍ የያዘው ልጅ ስብሰባ ነው።»

«ነገ ነይ» አሉኝ፤ ነገም ነገ ሆነ፤
መብራቱ ጠፋና ሐሙስም ባከነ።

ዓርብ ዕለት አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣
ከጥግ ቁም ሣጥን አንድ ዶሴ አወጡ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
አቧራውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና
«ቁልፉ እስኪመጣ ይኼን እያነበብሽ ቆዪ፤
እሷም እንዳንቺው ጠባቂ ነበረች።»

ከሳሽ፦ ወይዘሮ አጀቡሽ ወረታ፣ አገሯ ጭልጋ።
ተከሳሽ፦ የሟች ባሏ ወንድም።
ክርክሩ፦ አንድ ጥማድ መሬት፣ ወንዝ ዳር፣ ሁለት ወይራ ያለበት።

ቀለሙ ደብዝዟል፣ ገጹ እንደ ቅጠል ነው፣
ትንፋሼን ዋጥ አርጌ በስሱ ምገልጠው።
አቤቱታ ጸሐፊው፣ ቋንቋው ያሸበረቀ፣
«ፀሐይ ለሁሉ እኩል…» ብሎ የዘለቀ፤
ከዚያ ሁሉ ጌጥ መሐል አንድ መስመር የእሷ ነው፣
ማሳመር አቅቶት እንዳለ የተወው፦
«ወይራውን ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ዛፉን ይጠይቁልኝ።»

ከሥሩ አውራ ጣት፤ ሰማያዊ ቀለም፣
ዙሪያውን የታረሰ፣ ትልም በላይ ትልም፤
መሐሉን የሰነጠቀው የማጭድ ጠባሳ፣
ፊርማው ይዘነጋል፣ እሱ ግን አይረሳ።

ቀረበች። ተቀጠረ።
ቀረበች። ዳኛው ታመመ፤ ተቀጠረ።
ቀረበች። ምስክሩን የሞላ ወንዝ ያዘው፤ ተቀጠረ።
ሁለት ቀን በእግር መምጫ፣ ሁለት ቀን መመለሻ፤
ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ።
እኔ በባጃጅ ተመላልሼ፣ ለአምስት ቀን፣ በሆዴ ሳጉረመርም ነበር።

የመጨረሻው ገጽ፦
«ለውሳኔ፣ ለሰኔ ፭ ቀን ተቀጥሯል።»
ከዚያ በኋላ ሲባጎው ብቻ።

«ቀሪውስ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።
«ቦታ ጠበበ የተባለበት ጊዜ ነበር፤ በኪሎ ተሸጠ።
ወረደ በጆንያ ቅዳሜ ገበያ፣
ለበርበሬ መጠቅለያ፣ ለጨው መቋጠሪያ።
እኔ ራሴ አንድ ቀን ሩብ ኪሎ ስኳር ገዝቼ
ከመቋጠሪያው ላይ ‹ስለዚህ ተፈርዷል› የሚል አንብቤያለሁ።
ለማን እንደሆነ፣ እሱ ላይ ተቀዷል።»

ፍርዷ ከሚዛን ላይ መውጣቱስ አልቀረም፤
የመዘነው እንጂ የፈረደው የለም።

ቁልፉ መጣ። ልጁ ከበር ቆሞ ቁልፉን አቅጨለጨለ፤
ማንም ቀና አላለም።
ገብሱ ስንት ቁና እንደነበር ያን ቀን አላወቅኩም፣
አውራ ጣቴን ከአውራ ጣቷ አጠገብ አኑሬ ነበርና፤
የእኔ ለስላሳ ነው። ምንም አያስረዳም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። «መዝገቡ ይዘጋል»
አሉ፤ ቤቱን ነው፤ ግን ጆሮ መች ያምናል?

የባለጉዳይ ደብተሩን አቀረቡልኝ፦ ስም፣ ቀን፣ የመጡበት ጉዳይ።
«የደምቢያ ግብር» ልል እስክሪብቶ አነሣሁ፤
እጄ የጻፈው «ወይራ» ነው።

አነበቡት። ዝም አሉ።
ሲባጎውን መልሰው አሰሩ፣
ቋጠሮውን ግን ላላ አርገው፤
«ሰኞ ነይ።»