ድልድል

ሐሙስ ከሰዓት ላይ፣ ዝርዝር ተለጠፈ፤
የጣና ነፋስም አንድ ጥጉን አጠፈ።
ከታጠፈው በታች ነበርሽ፣ ይርገዱ፤
በጣት ገልጠን አየን፣ ሌሎቹ ሲሄዱ።

መዝገብ ቤት ቀረና፣ አዲስ ሆነ ስሙ፣
«የመረጃ ቡድን»፤ እርጥብ ነው ቀለሙ።
ሃያ ስድስት ክረምት ቁልፍ የታሰረበት
መቀነት፣ ዲፕሎማ አይደል፤ ነጥብ አልተሰጠበት።

ተራ ቁጥር አርባ አንድ፣ የጻፍሁት በጣቴ፤
ፊደል አልገደፍሁም፤ ያ ነበር ኩራቴ።

ባለጉዳይ መጣ፣ ሰኞ፣ ከሽምብጥ፤
የአባቱን ካርታ ሲሹ፣ ሳጥን ቢገለበጥ፣
ሦስት ባለዲግሪ አቧራ ለበሰ፤
ሳይገኝ ወረቀቱ፣ ሰዓቱ ደረሰ።

አንቺ በረንዳው ላይ፣ ክሊራንስሽን ይዘሽ፣
በመስኮት አልሽን፣ ድምፅሽን ዝቅ አርገሽ፦
«ክረምት ጣራው ሲያፈስ፣ አዛውሬው ነበር፤
ሦስተኛው ቁም ሳጥን፣ ያ የማይዘጋ በር።»

አገኘነው።
ሰውዬው እኛን አመሰገነ።

የሥራ መዘርዝሩን ማታ ከፈትሁት፤
«የማይዘጋ በር» የሚል ረድፍ አጣሁለት።
ውጭ ሐይቁ ጨልሟል፣ ዘበኛው ይጣራል፤
ጣቴ ግን እዚያው ነው፣
ተራ ቁጥር አርባ አንድ።