እምቢ የሚል ዕቃ

ሐምሌ ነው፤ የደብረ ብርሃን ቁር አጥንት ይቆጥራል፣
ጋራዤ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ይጣራል፤
ጫማው በቆላ ጭቃ ድርብ ሶል ያበቀለ፣
ባትሪውን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ልጅ ያዘለ።
ስሙን ወንድይፍራው አለኝ፤ ማንም ግን አይፈራው፣
ጀማ ሲሞላ በጃልባ ሰው ማሻገር ነው ሥራው።
ጃልባዋ ላሜራ ናት፤ ስድስት ሰው ከነፍየሉ፣
ሞተሯ ከጭራዋ፣ አንድ ባትሪ ለሁሉ፤
ሞተሪኖው ከእሷ፣ መብራቱም ከእሷ፣
የተሻጋሪው ስልክ ከእሷ፣ ከእሷ፣ ከእሷ።

«ታዲያ ምን ልሥራልህ?» አልኩት።
ጣቶቹን አየ።
«እምቢ የሚል ዕቃ ግጠምልኝ» አለ፣
«እኔ አልችልበትም።

በቀደም ለት ማታ፣ እታፈራሁን ምጥ ይዟት፣
አራት ጎረምሳ ከቃሬዛ አውርደው ጃልባዬ ላይ አስተኟት።
ቁልፉን ባዞር፣ ጠቅ። ብደግም፣ ጠቅ።
ምጥ አይጠብቅ፤ ወንዝ አይጠብቅ።
ቀን ሙሉ ስልክ ሲሰኩ አንዱን እንኳ መች ከለከልኩ?
‹ለአንድ ጥሪ ብቻ› ሲሉኝ፣ እሺ እያልኩ፣ እሺ እያልኩ፣
ባትሪዬን በእሺ ጨረስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በአጣና ገፋን። መሐል ወንዝ ላይ ወለደች።
ሴት ናት፣ ደህና ናት፣ እንደ ጀማ ጮኸች።
በጨለማ አልልህም፤ የጎረምሶቹ ስልክ በራ፣
ቀን ከባትሪዬ የጠጡት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በየተራ።»

ይህን ብሎ ዝም አለ፤
እኔም የማንን ጥፋት እንደምጠግን ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ወረድን። እስከ እነዋሪ በአይሱዙ፣
ከዚያ ገደሉን በእግር፣ ከብዶኝ የሁለት ባትሪ መዘዙ።
ለደጋው ብርድ የደረብኩትን ሹራብ በወበቁ ረገምኩ፣
ካቻቢቴና ፒንሳዬን የጃልባዋ ወለል ላይ ዘረገፍኩ።

«ይቺ የሞተሪኖ ናት፤ አትነካም፣ እናትህም ብትጠይቅ።
ይቺኛዋ የመብራት፣ የስልክ፣ የሰው ሁሉ፤ ብታልቅ ትለቅ።»

ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አሰርኩ፤ እሱ ጭቅጭቅ የለውም።
በሁለቱ ፖዘቲቭ መሐል ግን ሪሌው ተቀመጠ፣
እንደ በረኛ።
ዲናሞው መጀመሪያ አንደኛዋን ያጎርሳታል፣
አሥራ ሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት ስትደርስ ጥጋቧ ይታወቃታል፣
በረኛው ያኔ ከፍቶ ትርፉን ለእህቷ ያሳልፍላታል።
ሞተሩ ሲጠፋ ይዘጋል።
ዘመድ አያውቅ። ይሉኝታ የለው።
ፊውዙን አስገባሁ፣ ኬብሉን በናስትሮ ጠቀለልኩ፣
«አስነሳ» አልኩ።

ወንድይፍራው ጆሮውን ሪሌው ላይ ደቀነ።
ትንሽ ቆይቶ፣ ጠቅ።
ደነገጠ፤ ያን ድምፅ ያውቀዋል።
«አሁን ያለው እሺ ነው እምቢ?»
«እሺ ነው» አልኩት፣
«እምቢውን አስቀድሞ የጨረሰ እሺ።»

ከዚያ ሂሳቡን ነገርኩት። አንገቱን አከከ።
«ግማሹን አሁን ልስጥህ፣ ግማሹን ለመስከረም…»
የሦስት ወር የጋራዥ ኪራይ አለብኝ፤
የልጄ መመዝገቢያ አለ፤
የዚያች የሁለተኛዋ ባትሪ ዋጋም ገና አልተከፈለም።
«እሺ» አለ አፌ፣
በረኛ የሌለው አፌ።

ገደሉን ሳልጨርስ መሸ። ዞር ብዬ ባይ፣
አንዲት ነጭ ነጥብ ትሄዳለች በጥቁሩ ውሃ ላይ።
ስልኬ ጮኸ።
«ተነሳች! በአንድ ቁልፍ!» ከጀርባው ሰው ይንጫጫል፣ ፍየል ይጮሃል።
«ስንት ስልክ ሰክተሃል?»
«ዘጠኝ» አለ፣ «ግን ከእህቷ ነው፣ ከእህቷ!»
የእኔ አራት ፐርሰንት ይላል።
አሳጥር ልለው ነበር።
የሕፃኗን ስም ይነግረኝ ጀመር፣ ማን እንዳወጣላት፣ ለምን እንደሆነ፣
ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ
እስኪጠፋ ሰማሁት።