ከውሻው ወደ ግራ

የዛብርዶ ከንቲባ አዘዘኝ፦ «ለእንግዳ ሯጮች ካርታ ሥራ፤
ወንዙን፣ ደኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ድልድዩን ሳትስት በተራ፤
ለቱሪስት የሚሆን ይሁን፤ ከአሥር ኪሎ ሜትር አይለፍ፤
ቀይ ቀለም ለዳገቱ፣ ሰማያዊ ለወንዙ ጠርፍ።»

እኔ እንኳን ልሮጥ፣ ደረጃ ስወጣ ነው የሚያልበኝ፤
«መንገድ ከዝደንካ ጠይቅ» ብሎ ዳቦ ጋጋሪው መከረኝ።
ዝደንካ፣ የድሮዋ ፖስተኛ፤ ሰባ አንድ ነው ዓመቷ፤
በጡረታም ያልለቀቀችው የደብዳቤ መስመሯ ነው ሀብቷ።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ጠበቀችኝ፣
የባሏን ሰፊ ሹራብ ለብሳ፤ ጫማዬን አይታ ሳቀችብኝ።
«ሰዓትህን አውልቀው» አለችና ወደ ማማው አሳየችኝ፤
የማማው ሰዓት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ቆሟል፣ መብረቅ ከመታው ጀምሮ፤
ከተማው ለማስጠገኛ ያዋጣል፣ ይጠጣዋል ዞሮ ዞሮ።

ሮጥን።
እሷ ሮጠች ማለቴ ነው፤ እኔ ከኋላ ስንገዳገድ፣
ጣሪያ የለበሰው የእንጨት ድልድይ፣ እንግዳ እንደመጣበት ቤት ሲርበደበድ።

«እዚህ ጋ እጠፍ» አለች፣ «ከክሬቭስ የላም በረት ጥግ።»
በረት የለም፤ መኪና ማቆሚያ ነው፣ ነጭ የተሰመረ ጥግ በጥግ።
«ከዚያ ቀጥ፤ ከውሻው ወደ ግራ፣ ወንዙ ዳር እስክትደርስ፤»
ውሻው ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው፤ እግሯ ግን መታጠፊያውን ሲቀምስ
ዛሬም ቀነስ ይላል፣ ቁርጭምጭሚቷ ጥርሱን ሲያስታውስ።
«ወፍጮ ቤቱ ጋ ጠጣ፤ ወፍጮው ባይኖርም ውሃው አለ፤
ከድርቆሽ መስቀያው ሥር ዕረፍ፤ ስንቱ እዚያ ፍቅር ጀምሯል፣ ‹ከዝናብ ተጠለልኩ› እያለ።»

እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፤ ላቤ ወረቀቴን አራሰ፤
የሌለ በረት፣ የሞተ ውሻ፣ ወፍጮ የፈረሰ፤
ይህን ለቱሪስት እንዴት እሰጣለሁ? ከንቲባው ምን ይለኛል?
ዳገቱ መጣ። ዳገቱስ አለ፤ እሱ እንኳ አልፈረሰም፤ ይገድለኛል።

ከዳገቱ ወገብ፣ ጥዱ አልቆ ሜዳው በሚከፈትበት፣
ሸለቆው ከሥር ተዘረጋ፣ የመስከረም ጉም የሞላበት፤
የማማው ጫፍ ብቻ ወጥቷል፣ አንገቱን ያሰገገ ዋናተኛ መስሎ፤
ከማዶ አልፕስ ቆሟል፣ የዓመቱን የመጀመሪያ በረዶ በትከሻው አዝሎ።

«ይኸው ለካርታህ» አለች። ጻፍኩ፦ ውብ እይታ፤ አራት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ።
እሷ ግን ፊቷን አዙራለች፣ ቀልቧ አንድ ዛፍ ላይ ቀርቶ።
የፕሪም ዛፍ ነው፤ አጠገቡ ሣር የዋጠው የቤት መሠረት፣
ግንዱ ላይ የዛገ የፖስታ ሣጥን፣ ክዳኑ የወለቀበት።

«ኔዣ ነበረች የዚህ ቤት። ልጇ ከትሪየስቴ በመርከብ የሄደ፤
አሥራ አንድ ዓመት ‹ደረሰ?› ትለኛለች፣ እግሬ እዚህ በወጣ በወረደ።
ምን አመጣሁላት? የመብራት ሒሳብ፣ የዘር ዋጋ፣ የምርጫ ወረቀት፤
‹አልደረሰም› ማለት ሲከብደኝ፣ ከሩቅ እጄን አውለብልቤ በሩጫ ማለፍ ለመድኩት።
ሩጫን ያኔ ነው የጀመርኩት።»

እጇን ሰደደች ወደ ቅርንጫፉ፤ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣቷ
ጫን አደረገችው፣ የልጅ ግንባር እንደምትዳስስ እናቱ።
«ደርሷል» አለች።
አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ፤
ሦስተኛውን ሣጥኑ ውስጥ አኖረችው፣ ሌላ ቃል ሳይወጣ ከምላሷ።

ካርታው ታተመ። ከንቲባው በረቱን አወጣ፣ ውሻውን ሰረዘ፤
«የሞተ አናስተዋውቅም» አለኝ፤ በምትኩ የቢራ ቤቱን አርማ አዘዘ።
አንዲት ሐምራዊ ነጥብ ግን ቀረች፣ ዳገቱ ላይ፣ መግለጫ የሌላት፤
ሲጠይቀኝ «ማተሚያ ቤቱ ነው» አልኩ፤ «ቀለም ጠብ ብሎባት።»

ባለፈው እሑድ አንድ ሆላንዳዊ ሯጭ ከመኪና ማቆሚያው ቁልቁል ወረደ፤
ውሻው ጋ ሲደርስ ቀነስ አለ፤ ልቤ ወደ ጉሮሮዬ ነጎደ።
የጫማውን ክር ሊያስር ኖሯል።
አሰረ። ሄደ።